የሠለጠነ ፈረስ ዋጋ፦ ሻጩ ልፋቱን፣ ገዢው ቀኑን ይቆጥራል

በኢንተርኔት የፈረስ እርባታ ጨዋታ የሽያጭ ገጽ ላይ ጥቂት ደቂቃ የቆየ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ማየቱ አይቀርም። ዝርያቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ፣ ሥልጠናቸው ሙሉ በሙሉ ያለቀ ሁለት ፈረሶች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። የአንዱ ዋጋ የሌላውን ሃያ ሠላሳ እጥፍ ነው። ርካሹ ብዙ ሳይቆይ ይሸጣል፤ ውዱም አንዳንዴ ገዢ ያገኛል፤ መሃል ላይ «ተመጣጣኝ» የሚባል ዋጋ የተለጠፈባቸው ግን ሳምንታት ሙሉ ማንም ሳይነካቸው ይከርማሉ። ሻጮቹ ገበያው ሞቷል እያሉ ያማርራሉ። ገዢዎቹ በበኩላቸው ጥሩ ፈረስ ጠፋ ይላሉ። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ገጽ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ስለሆነ ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በእነዚህ ጨዋታዎች ፈረስ የሚሸጠው ተጫዋች ለተጫዋች ነው። ዋጋ የሚተምን አካል የለም፤ ገንዘቡም በተዘዋዋሪ ከእውነተኛ ኪስ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ገበያ ናቸው፣ እንደ ገበያም ሊመረመሩ ይገባል። የእኔ ግምገማ ይህ ነው፦ አብዛኛው ሻጭ ፈረሱን የሚተምነው በደከመበት ልክ ነው። ገዢው ግን ለድካሙ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለሚተርፈው ቀን ነው። ሁለቱ ሒሳቦች የሚገናኙት አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ የማይሸጡት ፈረሶች ሁሉ የተጠራቀሙት በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ሥልጠናው ምን ይጨምራል?

ሃውርስን እንውሰድ። ጨዋታውን የሠራው ኦውሊየንት የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይኛ ጀምሮ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተስፋፋ፤ በ2011 ደግሞ ኩባንያውን ዩቢሶፍት ገዛው። ከዘርፉ አንጋፋዎች አንዱ ስለሆነ የዋጋው ጣጣ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

እዚያ እያንዳንዱ ውርንጭላ የዘር አቅሙን ይዞ ይወለዳል። አቅሙ በስድስት ችሎታዎች የተከፋፈለ ቁጥር ነው፦ ጽናት፣ ፍጥነት፣ ድሬሳዥ (በተመጠነ እንቅስቃሴ መታዘዝ)፣ ግልቢያ፣ ሶምሶማ እና ዝላይ። ቁጥሩ ከወላጅ የሚወረስ ሲሆን የዕለት ተዕለት ክብካቤ አይለውጠውም። ሥልጠና የሚያደርገው የተወረሰውን አቅም ወደ ተግባር ማውጣት ነው። ከዚያ በላይ ብላፕ የሚባል መለኪያ አለ። ውርንጭላው ሲወለድ ብላፑ ከዜሮ በታች 100 ነው። ከዚያ ተነሥቶ ከዜሮ በላይ 100 እስኪደርስ ድረስ ሥልጠናውን መጨረስ፣ 20 ውድድር ማሸነፍ እና 10 ዓመት መሙላት አለበት። ብላፑ የሞላ ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው የዘር አቅም ብላፑ ካልሞላው የተሻለ ነው። ለዚህ ነው አርቢ ሁሉ የሠለጠነ ፈረስ የሚፈልገው፤ የውድድር ሽልማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወሬ አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ በቅንፍ ሊባል የሚገባው አለ። ብላፕ የጨዋታው ፈጠራ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት እርባታ ሊቅ ቻርልስ ሄንደርሰን ያዳበሩት የስታቲስቲክስ ዘዴ ሲሆን፣ የፈረንሳይ ፈረስ አርቢዎችም የእንስሶቻቸውን የዘር ዋጋ ለመገመት ይጠቀሙበታል። በእውነተኛው ዓለም የዘዴው ዓላማ ከፈረሱ ውጤት ላይ የሥልጠናውን፣ የአያያዙንና የጋላቢውን ድርሻ አጥቦ የዘሩን ድርሻ ብቻ ማስቀረት ነው። በጨዋታው ተገልብጦ ሥልጠና የሚያሳድገው ቁጥር ሆነ። የዋጋው ግራ መጋባት ግማሹ ከዚህ ይመጣል ብዬ አስባለሁ፤ አንድ ቁጥር የዘርንም የልፋትንም ወሬ አብሮ ያወራል፤ ሻጩም ሁለቱን ለይቶ መተመን ያቅተዋል።

አሁን ወደ ቀኑ። የሃውርስ ፈረስ በአንድ የእኛ ቀን ሁለት ወር ያረጃል። ስለዚህ 10 ዓመት ማለት፣ ዕድሜውን የሚያፋጥን የጨዋታ ዕቃ (ማፋጠኛ) ካልተጠቀሙ በስተቀር፣ 60 ቀን ነው። በእነዚያ 60 ቀናት ባለቤቱ በየዕለቱ ገብቶ ያበላል፣ ይቦርሻል፣ ያሠለጥናል፣ ያስተኛል። ለአንድ ፈረስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ፈረሶቹ አርባ ሲሆኑ ግን ሥራው አርባ እጥፍ ይሆናል፤ ቀኑ ግን ያው 60 ነው። ልፋቱ በፈረስ ቁጥር ይባዛል፣ ቀኑ አይባዛም። የሻጩና የገዢው ሒሳብ የሚለያየው ከዚህ ላይ ነው። ሻጩ አርባውን ፈረስ ሲንከባከብ ያሳለፋቸውን ሰዓታት ያስታውሳል። ገዢው የሚያየው አንዲት ባዝራ ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህችን ዛሬ ባገኝ፣ የራሴን ውርንጭላ አሳድጌ ከሁለት ወር በኋላ ከማገኝ በምን ይሻለኛል?

መልሱ እንደ ገዢው ይለያያል። በዘር አቅም ፉክክር ውስጥ ላለ አርቢ ሁለት ወር ማለት አንድ ትውልድ ነው፤ ብዙ ሊከፍልበት ይችላል። እየተዝናና ለሚጫወት ሰው ሁለት ወር ምንም አይደለም። እንዲያውም ማሳደጉን ስለሚወደው ነው ጨዋታው ውስጥ ያለው።

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

ከላይ ያለው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ለሻጩ መራራ ነው። በማንኛውም ሥራ የጉልበት ዋጋ መነሻው ሰው ያንን ሥራ በነጻ አለመሥራቱ ነው። በእርባታ ጨዋታ ግን ማሠልጠን ራሱ ጨዋታው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክፍያ ሳይጠብቁ፣ ደስ ስለሚላቸው፣ ፈረስ ያሠለጥናሉ። ሲጨርሱ በረታቸው ስለሚጠብብ የተገኘውን ተቀብለው ይሸጣሉ። ለእነሱ ሽያጩ ቦታ ማስለቀቂያ እንጂ ንግድ አይደለም። ሰዓቱን ቆጥሮ የሚተምነው ሻጭ የሚፎካከረው ሰዓቱን ከማይቆጥር ሰው ጋር ነው፤ በዚህ ፉክክር ደግሞ ማሸነፍ አይቻልም።

ስለዚህ «ይህን ያህል ቀን ለፍቼበታለሁ» የሚለው ክርክር በገበያው ላይ ዋጋ የለውም። ቢያንስ በጅምላ ደረጃ የለውም። መካከለኛ የዘር አቅም ያለው፣ ሥልጠናው ያለቀ ፈረስ በጨዋታው ውስጥ እጅግ የበዛ ዕቃ ነው። ማንም ሊሠራው ይችላል፣ ብዙዎችም ይሠሩታል። የሚያስገርመው ርካሽ መሆኑ ሳይሆን ጭራሽ ዋጋ ማግኘቱ ነው።

ብላፕን ከሚሞሉት ሦስት መመዘኛዎች ትንሽ ለየት የሚለው ድሉ ነው። ዕድሜ በራሱ ይሞላል፤ ሥልጠናም በትዕግሥት ያልቃል። 20 ድል ግን ከሌሎች ፈረሶች ጋር ተወዳድሮ የሚገኝ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለም፤ ደካማ ፈረስ ብዙ ይሮጥና ጥቂት ያሸንፋል። ሥልጠናው ያለቀ ሆኖ ድል የጎደለውን ፈረስ ልምድ ያለው ገዢ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ትክክልም ነው። በአንጻሩ ድሉ ሞልቶ ጥቂት ቀን ዕድሜ ብቻ የቀረው ፈረስ ከሞላ ጎደል እንዳለቀ ይቆጠራል። ግማሽ መንገድ ላይ ያሉ ፈረሶችን አንድ ላይ «በከፊል የሠለጠነ» ብሎ መተመን የዚህን ልዩነት ዋጋ መጣል ነው።

እውነተኛው ገበያ የሚሸጠውና ጨዋታው የማይሸጠው

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ተጫዋቾች ወደ እውነተኛው የፈረስ ገበያ ይጠቁማሉ። «እዚያ የሠለጠነ ፈረስ ውድ ነው፤ እዚህስ ለምን ይረክሳል?» የሚል ነው ክርክሩ። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው።

በአሜሪካ የሁለት ዓመት ፈረሶች ሥልጠና ጀምረው፣ በገዢዎች ፊት ሮጠው የሚሸጡባቸው ጨረታዎች አሉ። ነጋዴዎች በአንድ ዓመታቸው ይገዟቸዋል፣ ያሠለጥኗቸዋል፣ በሁለት ዓመታቸው አትርፈው ይሸጧቸዋል። እጅግ የታወቀው ሽያጭ በየካቲት 2006 ፍሎሪዳ ውስጥ የተካሄደው ነው። ዘ ግሪን መንኪ የተባለው ፈረስ ከጨረታው በፊት በተደረገው ሙከራ 201 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ርቀት በ9.8 ሰከንድ ሮጠ፤ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሻጮቹ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የገዙት በ425 ሺህ ዶላር ነበር። ፈረሱ በኋላ ሦስት ጊዜ ብቻ ተወዳድሮ አንዱንም ሳያሸንፍ ጡረታ ወጣ።

ያ ትርፍ የሥልጠና ድካም ዋጋ አይደለም። ጥቂት ወር ፈረስ ማለማመድ 15 ሚሊዮን ዶላር አያስወጣም። የተሸጠው መረጃ ነው። የአንድ ዓመት ፈረስ ምን ዓይነት ሯጭ እንደሚሆን ማንም አያውቅም፤ ሥልጠናውና ሙከራው ከድብቁ ነገር ጥቂቱን ገለጠ፣ ገዢውም ለተገለጠለት ነገር ከፈለ። የተገለጠው አሳሳች ሆኖ መገኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

በሃውርስ ዓይነት ጨዋታ ግን የሚገለጥ ነገር የለም። ውርንጭላው በተወለደ በመጀመሪያው ደቂቃ የዘር አቅሙ በገጹ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ሥልጠናው ስለ ፈረሱ አዲስ ነገር አይነግረንም፤ መጨረሻው ላይ የት እንደሚደርስ ከጅምሩ ይታወቃል። ከእውነተኛው የሥልጠና ዋጋ ላይ የመረጃውን ድርሻ ስናነሣ የሚቀረው ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ የሁሉም ጨዋታ ባሕርይ እንዳልሆነ የሚያሳየው ዜድ ራን ነው። በብሎክቼይን (ባለቤትነትን በሚይዝ የጋራ ዲጂታል መዝገብ) ላይ የተሠራው ይህ የውድድርና የእርባታ ጨዋታ የፈረሱን ትክክለኛ ችሎታ ይደብቅ ነበር። አዲስ ፈረስ ሮጦ ውጤቱ ካልታየ በስተቀር ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በዚህም ምክንያት የውድድር ታሪክ ራሱ ዋጋ ነበረው። በ2021 አንድ ተጫዋች አንዲት ዲጂታል ፈረስ በ125 ሺህ ዶላር መሸጡ በጋዜጣ ተዘግቧል። በ2022 የኤንኤፍቲ (በብሎክቼይን የተመዘገበ ዲጂታል ንብረት) ገበያ ሲወድቅ እንዲህ ያለው ዋጋም አብሮ ጠፋ፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ውድቀቱ አይደለም። ችሎታ በሚደበቅበት ጨዋታ የተፈተነ ፈረስ በውድ ይሸጣል። ችሎታ በቁጥር በሚታይበት ጨዋታ የተፈተነና ያልተፈተነ ፈረስ ልዩነታቸው የቀን ብቻ ነው። ሻጭ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የሚጫወተው ጨዋታ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

ባዝራ፣ ድንጉላ፣ ሰንጋ

ፆታ ዋጋን የሚወስንበት መንገድ ከእውነተኛው ዓለም ጋር ብዙም አይለያይም፤ ሆኖም ሻጮች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። አንድ ድንጉላ ብዙ ባዝራዎችን ሊያጠቃ ይችላል። ባዝራ በአንድ እርግዝና የምትወልደው ውስን ነው፤ በሃውርስ እርግዝናው 11 የጨዋታ ወር ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ዝርያ ውስጥ የትውልዱን ፍጥነት የሚወስኑት ባዝራዎቹ ናቸው። የአርቢዎች ቡድን አንድ ምርጥ ድንጉላ ካለው ሁለተኛ አይፈልግም፤ ባዝራ ግን አሥርም ቢያገኝ አይበቃውም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ብላፗ የሞላ፣ የዘር አቅሟ ከፍ ያለ ባዝራ የሥልጠናዋን ዋጋ ታገኛለች፤ ገዢዋ ነገውኑ ሊያስረግዛት ስለሚችል የቀኑ ቁጠባ በቀጥታ ወደ ውርንጭላ ይቀየራል። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ድንጉላ ከሽያጭ ይልቅ በማስጠቃት ክፍያ የተሻለ ገቢ ያመጣል፤ እንዲህ ያለውን ድንጉላ በርካሽ የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን አልሠራም። ሰንጋ ፈረስ ደግሞ ስለማይራባ የሥልጠናው ጥቅም ውድድር ላይ ብቻ ነው፤ ዋጋው ከሚያስገኘው የሽልማት ገንዘብ በላይ የሚሄድበት ምክንያት የለም። መልኩ የተለየ ወይም ስሙ የታወቀ ከሆነ ሰብሳቢ ሊገዛው ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ገበያ ነው፤ ሥልጠናው አይቆጠርም።

የሚበላሽ ዕቃ

የሠለጠነ ፈረስ ትናንት እንደታተመ ጋዜጣ ነው፤ ይዘቱ ሳይለወጥ ዋጋው ይወርዳል። በእርባታ ጨዋታ የዘር አቅም ከትውልድ ትውልድ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ምርጦቹ አርቢዎች ምርጡን ከምርጡ እያዳቀሉ ጣሪያውን ይገፋሉ። አንድ ትውልድ እርግዝናውን ጨምሮ ከሁለት ወር ትንሽ በላይ ይፈጃል፤ ማፋጠኛ የሚጠቀም ቡድን ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ ፈረሱን ለማሠልጠን 60 ቀን ስንወስድ ጣሪያው አንድ ወይም ከዚያ በላይ ደረጃ ከፍ ብሏል። ውርንጭላው ሲወለድ ከአናት የነበረ ቁጥር ሥልጠናው ሲያልቅ መካከለኛ ሊሆን ይችላል።

ይህን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። ዛሬ በአንድ ዝርያ ውስጥ ከፍተኛው የዘር አቅም 5,000 ነው እንበል። አንዷ ውርንጭላ 5,000 አላት፤ ምንም አልሠለጠነችም። ሌላዋ ባዝራ 4,500 አላት፤ ብላፗ ሞልቷል። የትኛዋ ትወደዳለች? ልምድ የሌለው ሻጭ ባዝራዋን ይላል፤ ሥራዋ አልቋልና። በፉክክር ውስጥ ያለው አርቢ ውርንጭላዋን ይወስዳል። ሥልጠና በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ የጎደለው 500 ግን በምንም ሥልጠና አይሞላም። ባዝራዋን የሚገዛት ከዝርያው ታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት የሚፈልግ አዲስ አርቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የለውም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ሥልጠናም እንዲሁ ነው፤ አቅሙን እስከ ዳር ያደርሰዋል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ጦርነት የሚዋጋው ዘሩ ነው።

ተግባራዊው ትርጉም ግን ከአባባሉ ይልቅ ደረቅ ነው። ባለ 5,000ዋን ውርንጭላ አሠልጥኖ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ከ60 ቀን በኋላ ጣሪያው 5,200 ቢደርስ የሚሸጠው የዛሬዋን ምርጥ ሳይሆን የያኔዋን ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሥልጠናው የጨመረው ዋጋ የዘሩ ደረጃ መውረድ ከቀነሰው መብለጥ አለበት። ጣሪያው በፍጥነት በሚሄድበት ዝርያ አይበልጥም፤ ስለዚህ ውርንጭላውን ወዲያው መሸጥ ያዋጣል። ብዙ ሰው በማይፎካከርበት፣ ጣሪያው በዝግታ በሚንቀሳቀስበት ዝርያ ግን ሥልጠናው ያተርፋል። ስለዚህ «የሠለጠነ ፈረስ ስንት ያወጣል?» ለሚለው ጥያቄ ዝርያውን ሳይጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ገበያውን አልተከታተለም።

ገንዘቡ ራሱ ሲለዋወጥ

በዚህ ሁሉ ላይ ዋጋው የሚጻፍበት ገንዘብ የጸና አይደለም። ሃውርስ ሁለት ገንዘብ አለው። ኤኩስ ከጨዋታው ውስጥ ይገኛል፦ ከውድድር፣ ከግልቢያ ማዕከል፣ ሌላው ቀርቶ ከፈረስ ፋንድያ ሽያጭ። ፓስ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ሊገዛ የሚችል ነው። ፈረስ በሁለቱም ይሸጣል።

ኤኩስ በየቀኑ አዲስ ይፈጠራል። ተጫዋች ከተጫዋች ፈረስ ሲገዛ ግን ገንዘቡ ከጨዋታው አይወጣም፤ ኪስ ብቻ ይቀይራል። ጨዋታው ራሱ በመኖና በአገልግሎት ክፍያ መልሶ ካልጠጣው የገንዘቡ ብዛት ያድጋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ይህን ሁሉም ትልልቅ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ያውቁታል፤ የኢቭ ኦንላይን ሠሪው ሲሲፒ በ2007 የጨዋታውን ኢኮኖሚ የሚከታተል ባለሙያ ኢኮኖሚስት እስከ መቅጠር ደርሷል። ለፈረስ ሻጭ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከዓመት በፊት የተሸጠ ፈረስን ዋጋ በኤኩስ ጠቅሶ ዛሬ መተመን ስሕተት ነው፤ በአንድ በኩል ገንዘቡ ረክሷል፣ በሌላ በኩል የዘር ጣሪያው አድጓል። ሁለቱ እርስ በርስ ሲሳሳቡ ቁጥሩ ያልተለወጠ ሊመስል ይችላል፤ ፈረሱ ግን በተጨባጭ ረክሷል።

ፓስ በበኩሉ ለሥልጠና ዋጋ ክዳን ነው። ዕድሜን የሚያፋጥኑ ነጥቦችና ዕቃዎች ስላሉ 60 ቀኑን በገንዘብ ማሳጠር ይቻላል። ገዢው ውርንጭላ ገዝቶ፣ ማፋጠኛውን ጨምሮ የሚያወጣው ወጪ ከሠለጠነው ፈረስ ዋጋ ካነሰ ማንም ሞኝ ሆኖ የሠለጠነውን አይገዛም። ስለዚህ የቀን ዋጋ ወሰን የለሽ አይደለም። ጨዋታው ማፋጠኛ በቅናሽ በሚሸጥበት ሳምንት የሠለጠኑ ፈረሶች ሁሉ ዋጋ በአንዴ ይወርዳል፤ ብዙ ሻጮች ግን የለጠፉትን አይነኩም፣ ከዚያም ገበያው ሞተ ይላሉ።

የሽያጭ ገጹ የሚዋሸው ነገር

ዋጋ ለመተመን አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የሽያጭ ገጹን ከፍቶ ተመሳሳይ ፈረሶችን ማየት ነው። ዘዴው ምክንያታዊ ይመስላል፤ ግን ገጹ የሚያሳየው ያልተሸጡትን ነው። በትክክል የተተመነ ፈረስ ብዙ ሳይቆይ ከገጹ ይወጣል። የተሳሳተው ይቆያል፣ ይታያል፣ ለሚቀጥለው ሻጭም መለኪያ ይሆናል። እንዲህ እያለ ስሕተት ስሕተትን ይወልዳል። የሚጠቅመው የተጠየቀው ሳይሆን የተከፈለው ዋጋ ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ጥቂት ቀን ገጹን እየተከታተሉ የትኞቹ እንደጠፉ መመዝገብ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ ሌላ አማራጭ ግን የለም።

የተከፈለ ዋጋም ቢሆን ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። ብርቱ ፉክክር ባለበት ዝርያ አርቢዎች በቡድን ይሠራሉ፤ ምርጥ ፈረሶቻቸውን የሚለዋወጡት ለተወሰነ ተጫዋች በተያዘ ሽያጭ ነው፤ የሚጽፉትም ዋጋ ዝቅተኛና ለይስሙላ ነው። ያን ዋጋ አይቶ «ምርጥ ባዝራ እንዲህ ርካሽ ነች» ማለት ከቤተሰብ ስጦታ የገበያ ዋጋ እንደ ማውጣት ነው። ትክክለኛው ክፍያ በሌላ ፈረስ፣ በማስጠቃት መብት ወይም በቡድኑ አባልነት ተከፍሏል።

ጨረታ ይህን ችግር ይፈታል የሚሉ አሉ። ፈላጊው ብዙ ከሆነ እውነት ነው። ከፍ ያለ የዘር አቅም ላላት ባዝራ ጨረታ ከተቆረጠ ዋጋ ይሻላል፤ ሻጩ የማያውቀውን የገዢዎች ጥድፊያ ያወጣዋል። ለተራ የሠለጠነ ፈረስ ግን አንድ ተጫራች ብቻ መጥቶ በመነሻው ዋጋ ይወስደዋል። እዚያ የተቆረጠ ዋጋ ይሻላል፤ እሱም ከገጹ ርካሽ ሩብ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት።

የጨዋታ ሠሪዎችም እጅ አለበት። ገበያው እጅግ ከተመቸ ሰው መጫወቱን ትቶ መግዛት ይጀምራል። ብሊዛርድ በዲያብሎ 3 ላይ ያቋቋመውን የጨረታ ቤት በመጋቢት 2014 የዘጋው ዕቃን በትግል ማግኘት የሚለውን የጨዋታውን ዋና ሐሳብ ስለጎዳበት ነው። የፈረስ እርባታ ጨዋታ ሠሪም የሠለጠነ ፈረስ እንደ ልብ በርካሽ ቢገኝ ማሠልጠኑን ማን ይሠራዋል የሚል ሥጋት አለበት። ስለዚህ የሽያጭ ገደቦች ሲመጡ ሻጮች ላይ የተሰነዘረ ቅጣት አድርጎ ማየት አያስፈልግም፤ ሠሪው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው።

የሥልጠና ዋጋ ራቁቱን የሚታይበት ቦታ

ሥልጠና ከዘር ተለይቶ ብቻውን የሚተመንበት አንድ ቦታ አለ። አንዳንድ ተጫዋቾች የሌላ ሰው ፈረስ ተቀብለው፣ አሠልጥነውና ብላፑን ሞልተው በክፍያ ይመልሳሉ። ፈረሱ የባለቤቱ ነው፤ ዘሩም የባለቤቱ ነው፤ የሚከፈለው ለሥራው ብቻ ነው። ከሽያጭ ገጹ ይልቅ ይህ ክፍያ የሥልጠናን ዋጋ በትክክል ይነግረናል። ውርንጭላው የሚያወጣው ዋጋ ላይ ይህን ክፍያ ስንደምር የሠለጠነው ፈረስ ሊጠየቅበት የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ገዢው ውርንጭላ ገዝቶ ለአሠልጣኙ ይሰጣል።

አንድ የሚያስተካክለው ነገር አለ፤ እሱም እምነት ነው። ፈረሱን ለማሠልጠን ወደ አሠልጣኙ በረት መተላለፍ ካለበት ባለቤቱ ላይመለስልኝ ይችላል የሚል ፍርሃት አለበት። ስሙ ያልታወቀ አሠልጣኝ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የታመነው ደግሞ ወረፋ አለው። ያለቀለት ፈረስ መግዛት ይህን ሥጋት ያስቀራል፣ ወረፋውንም ያስቀራል። ስለዚህ ሻጩ ከአገልግሎቱ ክፍያ በላይ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ጭማሪው ለልፋቱ ሳይሆን ገዢው ማንንም ሳያምን ዛሬውኑ ባዝራዋን ስለሚያገኝ የሚከፈል ነው።

የአገልግሎቱ ክፍያ ደግሞ የተለጠፈ ዋጋ የማይናገረውን ቀድሞ ይናገራል። አሠልጣኞቹ በየዕለቱ ስለሚደራደሩ የማፋጠኛ ቅናሽ ሲመጣ፣ ኤኩስ ሲረክስ ወይም ሥራ ፈላጊው ሲበዛ ዋጋቸው ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ከወር በፊት ከነበረው ወርዶ ከተገኘ በየበረቱ የቆሙት የሠለጠኑ ፈረሶች ዋጋም በዚያው ልክ ወርዷል፤ ባለቤቶቻቸው የለጠፉትን ቁጥር ገና ባይቀይሩትም።